የስኳር ድንች ካለሴ እየጠቆረ አስቸገረኝ፤ ጂን ከማስገባቴ በፊት ምን ላስተካክል?

ጥያቄ፦ የሐይቋ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የስኳር ድንች ሴል ላይ ነው። ያሰብኩት ካለስ (ገና ሥርና ቅጠል ያልለየ የሴል ክምር) አሳድጌ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ቤታ ካሮቲን የሚያበዛ ጂን በአግሮባክቴሪየም (ጂን ወደ ተክል በሚያስገባ የአፈር ባክቴሪያ) ማስገባት ነው፤ ግን ገና ካለሱ ራሱ አልያዘልኝም። ግማሹ በ3 ቀን ይጠቁራል፣ ግማሹ ይሻግታል።
ሐረጉን የቆረጥኩት ከገበሬ ማሳ ነው። በረኪና ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ 3 ጊዜ አለቀልቀዋለሁ። ሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ምግብ) ኤም ኤስ የሚባለው የተለመደው የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ ነው፣ በሊትር 30 ግራም ስኳርና 1 ሚሊግራም ቱ ፎር ዲ (ካለስ እንዲፈጠር የሚያደርግ ሆርሞን) አለው። አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ስለተበላሸ በፕሬዠር ድስት 15 ደቂቃ ነው የምቀቅለው።
ለምን ስኳር ድንች ላላችሁኝ፣ አያቴ በልጅነቷ ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ያቅታት ነበር። ዳፍንት ነበረባት። የቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሚያመጣው ያወቅኩት እዚህ ተምሬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከልቤ አልወጣም። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ የላብ ሰው (ኮምቦልቻ)
እህቴ አብሽሪ፣ ይስተካከላል። መጥቆሩና መሻገቱ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ አትቀላቅያቸው። እኔ ስለ ሻጋታው ልናገር።
መጀመሪያ ድስትሽን እይ። መጽሐፉ 15 ደቂቃ የሚለው 121 ዲግሪ ለሚደርስ ዕቃ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ውሃ ክፍት ድስት ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የውጭው የአየር ግፊት ስለሚያንስ፣ ድስቱ በ15 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ቢያፏጭም ውስጡ 116 ዲግሪ ገደማ ነው የሚሆነው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠንካራውን የባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት ተቋቁሞ የሚቆየውን ቅርጹን) ለመግደል ጊዜውን ሦስት እጥፍ ያስረዝመዋል። ስለዚህ 45 ደቂቃ አድርጊው፤ ቆጠራውም ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ይሁን። ስኳሩ እንዳይቃጠል ሚዲያውን በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍለሽ አስገቢው። እኔም ይሄን ሳላውቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከስሬያለሁ።
ደግሞ ሻጋታው የት እንደሚጀምር ተመልከቺ። ሚዲያው ላይ ከተክሉ ርቆ ጥጥ የሚመስል ነገር ከወጣ ከአየር ወይም ከእጅሽ የገባ ነው። ከቁራጩ ሥር ነጭ ዝልግልግ ነገር ከፈሰሰ ግን ባክቴሪያው ከተክሉ ውስጥ ነው የመጣው፣ በረኪና አይደርስበትም።

መልስ፦ ሐረግ (ባሕር ዳር)
የማሳ ሐረግ ተይው። አፈርና ዝናብ የነካው ነገር ማጽዳት መከራ ነው። ሥሩን ገዝተሽ አጥበሽ፣ በተቀቀለ አሸዋ ላይ ቤት ውስጥ አብቅዪው። ውሃውን አሸዋው ላይ ብቻ አፍስሺ፣ ቅጠሉን አታርሺ። ከሚወጣው ቡቃያ ጫፉን ብቻ ውሰጂ። ስኳር ድንች ላይ ጥሩ ካለስ የሚሰጠው ይሄ የጫፉ ሕዋስ ነው።
ስለ መጥቆሩ፦ ስኳር ድንች ስትቆርጪ ነጭ ወተት ይወጣዋል አይደል? ቁስሉ ላይ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ቤት ውስጥ የተላጠ ስኳር ድንች ሲጠቁር የምናየው ነው። እነዚህ ውህዶች ለሚበላው ሰው ጠቃሚ አንቲኦክሲደንት ናቸው፣ ሳህን ውስጥ ግን ሴሉን ይገሉታል። 20 ደቂቃ በረኪና ደግሞ ለለጋ ጫፍ በጣም ብዙ ነው። 5 በመቶ የሚለውን በረኪና አንድ እጁን በአራት እጅ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስትቆርጪ አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ያለበት ውሃ ውስጥ ቁረጪ። ሚዲያው ላይም በሊትር 100 ሚሊግራም ጨምሪ፣ ግን ሙቀት ስለሚያበላሸው ሚዲያው በረድ ሲል በፊልተር አሳልፈሽ ነው። ሳህኑን ጨለማ ውስጥ በ25 ዲግሪ አቆዪው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየ3 ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሪ። የሚያጠቁሩትን ውህዶች እንዲመጥ ሚዲያው ላይ ከሰል ጨምሪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ቱ ፎር ዲውንም አብሮ ስለሚመጠው ለካለስ አትጠቀሚበት።

የሐይቋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ድስቱ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ካለሱ ቢሳካልኝ የትኛውን ጂን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቆቦ ጊራና
ለመረዳት እንዲቀልሽ የመስኖ ቦይ አስቢ። ተክሉ መጀመሪያ ላይኮፒን የሚባል ቀይ ቀለም ይሠራል። ከዚያ ቦዩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አልፋ ካሮቲን፣ ሌላው ወደ ቤታ ካሮቲን ይሄዳል። የኮሪያ ተመራማሪዎች በስኳር ድንች ሴል ላይ ወደ አልፋ የሚወስደውን ጂን ዝም ሲያሰኙት ቤታ ካሮቲኑ ጨምሯል። ቤታ ካሮቲንን ወደ ሌላ ቀለም የሚቀይረውን ጂን ሲዘጉትም እንዲሁ። ሌላው መንገድ ኦሬንጅ የሚባለው ጂን ነው። መጀመሪያ የተገኘው ብርቱካናማ በሆነ የአበባ ጎመን ላይ ነው። እሱን ካለስ ውስጥ ሲያበዙት ካሮቲኑ ጨመረ፣ ሴሉም ጨው ቻለ። ለጀማሪ እሱ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ካለሱ ራሱ ጂኑ ካልገባበት ይልቅ ቀለሙ ስለሚደምቅ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።
ጂን ከማስገባትሽ በፊት ግን ያልተነካውን ካለስ ካናማይሲን (አንቲባዮቲክ) ላይ ፈትኚ፦ በሊትር 0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ሚሊግራም። ጂንሽ የሚገባው ካናማይሲንን ከሚያስችል ሌላ ጂን ጋር ስለሆነ፣ የገባበት ሴል ይተርፋል፣ ያልገባበት ይሞታል። የሚገድለውን ልክ ካላወቅሽ ጂኑ የገባበትንና ያልገባበትን አትለዪም። አግሮባክቴሪየሙን በኋላ ለመግደል ሴፎታክሲም የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ያስፈልግሻል። ወረቀቱንም አሁኑኑ ጀምሪ። በደህንነተ ሕይወት አዋጅ 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 መሠረት ለልውጥ ሕያዋን (ጂናቸው ለተለወጠ ፍጥረታት) ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የመርሳው ገበሬ፦
ልጄ፣ ልጆቼ ናቸው የሚጽፉልኝ። ውስጡ ብርቱካን የሚመስል ስኳር ድንች ሐረግ ሰጥተውን ተክለናል። ጎረቤት ዘሩ የተነካካ ነው ይላል። ለልጅ እንስጥ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ሐረግ (ባሕር ዳር)
ጋሼ፣ ያለ ሐሳብ ይስጡ። እዚህ አገር የተለቀቁት እንደ ኩልፎና ቱላ ያሉት ብርቱካናማ ዝርያዎች በተለመደው መንገድ ተመርጠው የመጡ ናቸው፣ ጂን አልገባባቸውም። ከትንሽ ልጅ የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ጋር የሚመጣጠነው 125 ግራም ያህል ነው፣ አንድ መካከለኛ ፍሬ ማለት ነው። ከነልጣጩ ይቀቀል፣ ከዚያ ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ይደረግበት፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም።
አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመራማሪዎች 291 የስኳር ድንች ዓይነት መርምረው ሁሉም ውስጥ የአግሮባክቴሪየም ጂን አግኝተዋል። ማንም ሰው አላስገባውም፣ ከጥንት ጀምሮ በተፈጥሮ የገባ ነው። አያቶቻችንም ሲበሉት የኖሩት እሱኑ ነው።

የመርሳው ገበሬ፦
አላህ ይባርክሽ። ነገ ከድስት አይወርድም።

የሐይቋ ልጅ (ከ4 ሳምንት በኋላ)፦
እንዳላችሁኝ አደረግኩ፤ ከ20 ሳህን 14ቱ ንጹሕ ናቸው! መጥቆሩም በጣም ቀንሷል። አሁን ሁለት ዓይነት ካለስ አለኝ፣ አንዱ ውሃማና ቶሎ ቶሎ የሚያድግ፣ ሌላው ቢጫ፣ ጠጠር ጠጠር ያለ፣ ቀስ የሚል። የቱን ላዛውር?

መልስ፦ የላብ ሰው (ኮምቦልቻ)
ቢጫውን። ውሃማው ዓይን ይስባል እንጂ ተክል አይወጣውም። ቢጫውን በመርፌ ጫፍ ለይተሽ ለብቻው አዛውሪ፣ በየ4 ሳምንቱ ሚዲያ ቀይሪለት። የካናማይሲኑንም ፈተና በእሱ ላይ ሥሪ።