ወረቀት ላይ ለሚሰፋ ኩዊልት ምን ወረቀት? ጨርቁስ ከየት? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ሐር ክር
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ንድፉ የታተመበት ወረቀት ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ኩዊልት (ከቁርጥራጭ የሚሠራ የአልጋ ልብስ) የሚገጣጥሙትን፣ ፔፐር ፒሲንግ የሚሉትን፣ በስፌት መኪና ልጀምር ነው። ባለ 6 ኢንች ኮከብ፣ 12 ብሎክ (አንድ አንድ ኮከብ ያለበት አራት ማዕዘን)። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ይበቃል ወይስ ለዚሁ ሥራ የሚሸጠውን የካሮል ዶክን ወረቀት ልግዛ? የጨርቅ ሱቁ ጆአን ከተዘጋ ወዲህ ንጹሕ ጥጥ በያርድ የት ይገኛል? ፊት ለፊት የሚያስተምርስ አለ? ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እስከ አሌክሳንድሪያ እነዳለሁ።

ጥለት ወዳድ
ካሮል ዶክ። ሌላ አትሞክሪ።

መቀስና ካውያ
እህቴ፣ ከወረቀቱ በፊት መኪናሽን አስተካክዪ። መኪና ሲገዛ የስፌቱ ርዝመት 2.5 ላይ ነው የሚመጣው፤ 1.5 ሚሊሜትር አድርጊው። በ2.5 የተሰፋ ወረቀት ሲቀደድ ክሩን ይዞ ይሳባል፣ መጋጠሚያው ይላላል። 1.0 ካደረግሽው ደግሞ ወረቀቱ ገና ሳትጨርሺ በቀዳዳው ይበጠሳል፣ ብትሳሳቺም መፍታቱ መከራ ነው። መርፌ 90/14፣ ክር ቀጭን ጥጥ 50 ቁጥር። ወረቀት መርፌ ያደንዛል፤ የወረቀቱን መርፌ ለይተሽ አስቀምጪ።

ተራ የፕሪንተር ወረቀት (20 ፓውንድ የሚሉት) ይሠራል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ሲቀደድ ብቻ ያስቸግራል። የካሮል ዶክ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፣ 100 ቅጠል ነው እሽጉ። በብሎክ አንድ ኮፒ ነው የሚያስፈልገው፤ ስለሚቀደድ አይደገምም። ለ12 ብሎክ ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም።

ጥለት ወዳድ
ያጣላል። ካሮል ዶክ።

ቀይ አይንካኝ
ስለ ወረቀት ከማውራታችሁ በፊት ስለ ጨርቁ አስጠንቅቋት እንጂ! ኦንላይን ከታዘዘ ቀይ ጥጥ ተሰፍቶ፣ ኩዊልቱ አልቆ፣ መጀመሪያ ሲታጠብ ቀዩ ነጩ ላይ ለቀቀ። 12 ኮከብ፣ 12ቱም ሮዝ። ሻጩ የመለሰው «ቀድመው ማጠብ ነበረብዎ» ብሎ ነው። በጽሑፍ የትም አልነበረም!

የሸዋ ልጅ
ኧረ በስመ አብ! በኮምጣጤና በጨው ብትዘፈዝፊው ይያዝ ነበር እኮ።

መቀስና ካውያ
አይይዝም። ኮምጣጤ ለሱፍና ለሐር ቀለም ነው የሚሠራው፤ የጥጥ ቀለም ሌላ ነው። ቀይ የምትገዢ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርሰሽ ቀዩን እሺው፤ ነጩ ከቀላ ቀድመሽ በሙቅ ውኃ እጠቢ፣ ውኃው እስኪጠራ።

የለቀቀ ኩዊልት ደግሞ ሳይደርቅ ነው የሚያዘው። ብዙ ሙቅ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሙሉ በሙሉ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ውኃው ከቀላ ደፍተሽ ድገሚ። ጫፉ ከውኃው ከወጣ ቀለሙ እዚያው ይሰበሰባል።

ቀይ አይንካኝ
አሁን ነው የምትነግሪኝ? ማድረቂያ ገብቶ ወጣ እኮ።

አቦሉ
እናቶቻችን ድሪቶ ሲጥፉ ወረቀትም፣ 100 ቅጠል እሽግም፣ 1.5 ሚሊሜትርም አልነበረም። አሜሪካ መጥተን ድሪቶ በዶላር ተማርን። በርቱ።

መቀስና ካውያ
ወንድሜ፣ ድሪቶ ላይ የኮከብ ጫፍ አይገጥምም፣ እዚህ ይገጥማል። ወረቀቱ የመጣው ለዚያ ነው።

እትዬ ጥልፍ
ልጄ፣ በመኪና ምን አደከመሽ? በእጅ ያለው ይሻልሻል። ባለ 1 ኢንች ስድስት ማዕዘን ከወፈር ያለ ወረቀት ቆርጠሽ፣ ጨርቁን ሩብ ኢንች አትርፈሽ ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፈሽ በሙጫ እስክሪብቶ ያዥው፤ ሙጫው ከጠርዙ ራቅ ይበል፣ አለዚያ መርፌውን እምቢ ይላል። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመሽ ጫፍ ጫፉን ልቀሚ። ወረቀቱ አይቀደድም፣ ዙሪያው ሲሰፋ ተስቦ ይወጣል፣ ደግመሽ ትሠሪበታለሽ።

ሐር ክር
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን የጠየቅሁት በመኪናው ነው። ጨርቅስ?

የሸዋ ልጅ
ጨርቅ መርካቶ ነው። ለአገር ቤት መንገደኛ አስይዣት፣ በሜትር ታመጣልሻለች። እዚህ በያርድ የሚቆነጥሩትን አትንኪ።

መቀስና ካውያ
የትኛው ጨርቅ? «ጥጥ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ጥጥ አይደለም። ጥግዋን ቆርጠሽ ለኩሺ፦ እንደ ወረቀት ከሸተተና በእጅ የሚደቅ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር አለበት፣ ካውያ ሲነካው ይሸበሸባል።

የሸዋ ልጅ
የኔ ደንበኛ አያታልልም።

አቦሉ
ክብሪት ይዞ ሱቅ የሚገባ ደንበኛ ማነው ደግሞ?

ማርዳ
ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። ጆአን በፈረንጆቹ 2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል፣ አትፈልጊው። ሆቢ ሎቢ የሚባለው የእጅ ሥራ ዕቃ ሱቅ በያርድ ይቆርጣል፤ አበባ ያለበት ላይ ሽመናው ላላ ያለ ስላለ ብርሃን ላይ ዘርግተሽ እዪ። ለአንድ ቀለም ጨርቅ ኮና ኮተን የሚባለውን ጥጥ በኦንላይን ማዘዝ ይሻላል፣ የቀለም ቁጥሩ ስለማይለወጥ ሲያልቅብሽ ያንኑ ታገኛለሽ። ለ12 ብሎክ ለመደቡ (ከኮከቡ ዙሪያ ላለው) 1 ያርድ፣ ለኮከቡ 1 ያርድ ያዥ፤ በወረቀት ሲሰፋ ብክነት ስላለ ነው። ለመማር ዲሲ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የስፌት መኪና ያለው የሥራ ክፍል አለው፤ አጠቃቀሙን ድረ ገጹ ላይ እዪ።

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ንድፉ ላይ ቦታዎቹ በሚሰፉበት ተራ ቁጥር አላቸው፤ የቁጥር 1 ጨርቅ ባልታተመው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ ወደ አንቺ። ቁጥር 2 ፊቱን ወደ ቁጥር 1 አድርጎ ይተኛል። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠሽ በታተመው መስመር ላይ ትሰፊያለሽ፣ ከመስመሩ ሁለት ሦስት ስፌት ቀድመሽ ጀምረሽ፣ አልፈሽ ታቆሚያለሽ። ከመስፋትሽ በፊት በስፒል ይዘሽ ቁጥር 2ን ገልብጪውና ቦታውን መሸፈኑን አረጋግጪ፤ ሰያፍ ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ የበቃ ይመስልና ሲገለበጥ ጥጉ ይጎድላል። ቀጥሎ ወረቀቱን በመስመሩ አጥፊ፣ ትርፉን ሩብ ኢንች ቁረጪ፣ ገልብጪ፣ በደረቅ ካውያ ተኩሺ። እንፋሎት ወረቀቱን ያኮማትራል። ኮከቡ ካለቀ በኋላ የግራ ቀኝ ግልባጭ ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ፣ ከጀርባ ስለሚሰፋ ነው።

ፕሪንት ስታደርጊ «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን አጥፊ፣ መቶ በመቶ ይሁን። የአውሮፓ ንድፍ በኤፎር ነው፤ የአሜሪካ ወረቀት ላይ ሲጨመቅ 6 ኢንቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ገጹ ላይ ያለውን የ1 ኢንች ሳጥን በማስመሪያ ለኪ። ወረቀቱን ደግሞ ብሎኮቹ እርስ በርስ ሳይጋጠሙ አትቅደጂ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ይለጠጣል።

ጥለት ወዳድ
የካሮል ዶክ ሲቀደድ ግን ድምፁ ራሱ ደስ ይላል።

ሸማ ተራ
የነጠላ ጥለት በዚህ መንገድ ይሰፋል? ቁርጥራጩ ብዙ አለኝ።

ማርዳ
ይሰፋል፤ ግን ሸማ ላላ ስለሆነ ይተረተራል። ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ለጥፊና ከዚያ ቁረጪ፤ ትርፉንም ከሩብ ወደ ግማሽ ኢንች አሳድጊ።

የሸዋ ልጅ
ጥለትም መርካቶ ነው።

ሐር ክር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ቀይ አይንካኝ፣ ማድረቂያ ከገባ በኋላም ቢሆን መዘፍዘፉን ሞክረሽ ታውቂያለሽ? የኔም መደብ ቀይ ነው።

ቀይ አይንካኝ
ቀይ?!