በዓመት 700 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ ቮልስ የትኛው ዘይት ይሻላል? በስንት ጊዜስ ይቀየር?

ጠያቂ፦ የአባቴ ቮልስ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች 1300 ቮልስ አለችኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ በየቀኑ ይነዳት ነበር። እኔ ግን ለሥራ የምመላለሰው በሌላ መኪና ስለሆነ፣ ቮልሷ ከግቢ የምትወጣው እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለቦሎ ምርመራ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ቆጣሪዋ ላይ የተጨመረው 680 ኪሎ ሜትር ነው። የግቢያችን ጥበቃ ባትሪዋ እንዳይሞት ብሎ በየሁለት ቀኑ ያስነሣትና አምስት ደቂቃ ያህል አሙቆ ያጠፋታል።

ዘይቷን ከቀየርኩ 14 ወር ሆኖኛል። ያማከርኳቸው ሁለት መካኒኮች የማይገናኝ ምክር ሰጡኝ። አንደኛው የቮልስ ደንብ 5,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ገና ብዙ ይቀራታል አለኝ፤ በእኔ አነዳድ ይህ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው-30 ሞልቼ ሁለት ዓመት እንድረሳት መከረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ወፍራም አረፋ ተለጥፎ አገኘሁ። በጣቴ ጠርጌ ባሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይትም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጨምር፣ ከላይኛው መስመር ትንሽ አልፎ አየሁት። የትኛውን ዘይት ልግዛ? በስንት ጊዜስ ልቀይር? አራት ሊትር የሚይዝ ጣሳ ከገዛሁ የሚተርፈው ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይልኛል ወይስ ይበላሻል? አሁን በቤንዚን የሚሠራ መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ብቻ ሳይሆን፣ አባቴ በእጁ ሲጠግናት ያደግሁባት መኪና ስለሆነች በእኔ ስንፍና እንድትበላሽ አልፈልግም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መካኒክ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያ የአምስት ደቂቃ ማሞቅ ዛሬውኑ እንዲቀር አድርግ። ጥበቃው ለመኪናዋ አስቦ ስለሆነ አትቆጣው፤ ነገር ግን ዘይትህን የገደለው ከእሑዱ ጉዞ ይልቅ ያ ልማድ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወጣዋል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ውኃው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ከፊሉ በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በኩል አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባና እንደ ጤዛ ብረቱ ላይ ይቀራል። ሞተር በብርድ ሲነሣ ቾኩ ቤንዚኑን ስለሚያበዛው ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮ ይወርዳል። ሁለቱ ከዘይቱ ጋር ሲማቱ ነው ያየኸው አረፋ የሚፈጠረው። የቮልስ የዘይት መሙያ አንገት ከሞተሩ ወጣ ብሎ የቆመና ቶሎ የማይሞቅ ስለሆነ፣ በክረምት ጥቂት አረፋ በጤነኛ ሞተር ላይም ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው፤ ከቃጠሎው የሚመጣው አሲድ ከውኃው ጋር ሆኖ፣ መኪናዋ ቆማ በምትውልበት ጊዜ ሁሉ ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላዋል። ዘይት ውስጥ አሲዱን የሚያከሽፍ ቅመም ቢኖርም ያ ቅመም እየሠራ ያልቃል፤ አንተ ዘንድ ደግሞ የሚያልቀው በተነዳችው ኪሎ ሜትር ሳይሆን በብርድ በተነሣችው ቁጥር ልክ ነው። በየሁለት ቀኑ ማለት በዓመት ወደ 180 ጊዜ ነውና፣ የአንድን ዓመት እሑዶች ከሦስት ጊዜ በላይ ያጥፈዋል።

5,000 ኪሎ ሜትር የሚለው በእርግጥ የፋብሪካው ደንብ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው እየተነዳች ለምትሞቅ መኪና የወጣ ደንብ ነው። ላንተዋ ስድስት ወር በል። እኔ ብሆን አንዱን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሌላውን ኅዳር ላይ አደርገው ነበር። ክረምቱን ብዙ ጊዜ ቆማ ስለምታሳልፍ፣ በዚያ እርጥበት ውስጥ ንጹሕ ዘይት ይዛ ብትቆም ይሻላል። ወደፊት በወጣች ቁጥር አንድ ሰዓት ያህል በመንገድ ላይ የምትነዳት ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜም ይበቃታል።

የቮልስ ሞተር የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ያለችው ክብ የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት። ስለዚህ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ወንፊቷ ወጥታ በቤንዚን ትታጠብ። የያዘቻት ክዳን ስድስት ባለ 10 ዳዶዎች አሏት። ሁለቱን ማሸጊያ ጓርኒሲዮኖችና ስድስቱን የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ ቀይራቸው፤ ሶማሌ ተራ አንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ። ዳዶዎቹን ስታጠብቅ አጭር ቁልፍ ያዝና ኃይልህን ቆጥብ፤ የሞተሩ አካል ለስላሳ ብረት ስለሆነ ጥርሱ ከተበላ የሁለት ሊትር ዘይት ሥራ የሞተር ማውረድ ሥራ ይሆንብሃል። ዘይቱን በተመለከተ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለቮልስ የሞላሁት 20ደብሊው-50 ነው።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ከመካኒኩ አባታችን ምክር ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። እዚህ ጀርመን አሮጌ መኪና ያላቸው ብዙ ሰዎች ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል ሰሌዳ ያወጡና ክረምቱን መኪናቸውን ያቆማሉ። ጠንቃቃዎቹ ዘይት የሚቀይሩት በጸደይ ሲያወጧት ሳይሆን በመኸር ከማቆማቸው በፊት ነው፤ ምክንያቱም አባታችን ስለ አሲዱ የጻፉት ነው።

ባትሪውን በሚመለከት፣ ማስነሣቱ ከሚሞላው ይልቅ የሚወስደው ሊበልጥ ስለሚችል የአምስት ደቂቃው ማሞቅ ለባትሪውም አይጠቅምም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው ቢያስቀምጡት ይቆይልዎታል። ቻርጀር የሚገዙ ከሆነ ግን በቅድሚያ ባትሪው 6 ቮልት ይሁን 12 ያረጋግጡ፤ በዚያ ዘመን የተሠሩ ቮልሶች ሁለቱም ዓይነት አላቸው። ባትሪው ላይ መሸፈኛ መኖሩንም ይመልከቱ፤ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት የተነሣባቸው ቮልሶች አሉ።

መልስ፦ የካርቡሬተር ሰው

ጠያቂው ወንድሜ በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ይመስለኛል። ሳይጨመርበት ከፍ የሚል ዘይት የለም፤ ከፍ ካለ የገባበት ነገር አለ ማለት ነው፤ ሽታው ደግሞ ቤንዚን መሆኑን ነግሮዎታል። የተገለጸውን ያህል ቤንዚን በብርድ መነሣት ብቻ ያመጣዋል ብዬ አላምንም። የቤንዚን ፓምፑን ዲያፍራም (ቤንዚኑን የሚገፋውን ስስ ሽፋን) ይመርምሩ። ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። የካርቡሬተሩ የቤንዚን መዝጊያ መርፌም በደንብ ካልዘጋ፣ ታንከሩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ መኪናዋ በቆመችበት ቤንዚን ወደ ሲሊንደር ሊንጠባጠብ ይችላል። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚሞላ ዘይት፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ በወሩ ያው ይሆናል። በዚህ የቀጠነ ዘይት ረጅም መንገድ አይሂዱ፤ መጀመሪያ ይቀይሩት። የቤንዚን ቱቦዎቹም ያረጁ ከሆኑ አብረው ይቀየሩ፤ ቮልስን የሚያቃጥላት ብዙ ጊዜ ሞተሩ አጠገብ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ የተረፈውም የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ካንዴላዎቹን አውጥተው ይዩአቸው፤ ጥቀርሻ ለብሰው ደርቀው ከተገኙ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነውና ካርቡሬተሩ ለከፍታችን ይስተካከልልዎት።

ወደ ዘይቱ ስመለስ፣ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚላወስ፣ ከኋላው ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። 20ደብሊው የሚባለው ዘይት በብርድ የማስነሣት ፈተናውን የሚያልፈው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ አዲስ አበባ ስለማያውቅ ለ5ደብሊው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። በቮልስ ላይ ዘይቱ ከማለስለስ ባሻገር የማቀዝቀዝ ሥራም ስላለበት በጣም ይሞቃል፤ ቀጭን 30 ሲሞላበት ደግሞ በሠራ ሞተር ላይ፣ ዳገት ወጥታ መብራት ላይ ስትቆም፣ የዘይት መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የዘይት ደረጃዎች፣ ኤስኤም ከሚባለው ጀምሮ፣ እንደ 5ደብሊው-30 ያሉ ቀጫጭን ዘይቶች የሚይዙት ፎስፈረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ፎስፈረሱ የሚገኘው ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ እና የቫልቭ መግፊያዎቹን ከመፋቅ ከሚጠብቀው ቅመም ነው፤ የቮልስ መግፊያዎች ደግሞ በካምሻፍቱ ላይ እየተፋተጉ የሚሠሩ ስለሆኑ ይህን ቅመም አጥብቀው ይፈልጉታል። ገደቡ 15ደብሊው-40ን እና 20ደብሊው-50ን አይነካም። ሲንተቲክ ሁለት ዓመት ይቆያል የተባለውንም አልቀበልም፤ ውኃውና ቤንዚኑ ሲንተቲኩን ከተራው ሚኒራል ዘይት ለይተው አይምሩትም።

ከአባታችን የምለየው በአንድ ነገር ነው። 20ደብሊው-50 ወደ አዋሽና መተሐራ ለሚወርድ ቮልስ ጥሩ ነው። ለእሑድ አጭር ጉዞ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ነው። ስለዚህ ለእርስዎ 15ደብሊው-40 ይሻላል እላለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መካኒክ

ዲያፍራሙን የጠቀሱት ሰው እውነታቸውን ነው፤ ከፍ ማለቱን ሳላስተውል አልፌዋለሁ። በ15ደብሊው-40ውም አልከራከርም፤ የእኔ ደንበኞች አብዛኞቹ በየቀኑ የሚሠሩ ስለነበሩ 50ው ተስማምቷቸው ይሆናል።

የተረፈውን ዘይት ጠይቀህ ነበር። ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋና ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ እስከ ሚቀጥለው ቅያሪ ምንም አይሆንም። ከአራት ሊትሩ ሁለት ተኩሉ ሲገባ አንድ ተኩል ይተርፍሃልና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ዓይነት አንድ ሊትር ብቻ ትገዛለህ። ስትገዛ ከክዳኑ ሥር ያለውን እሽግ ተመልከት፤ በተከፈተ ጣሳ መልሰው ሞልተው የሚሸጡ አሉ። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋው፤ በጄሪካን አድርገህ ለጋራዥ ስጥ።

ሌላም አለ። ይህ ሞተር ውስጡ ዝቃጭ ሳይኖረው አይቀርም፤ አዲሱ ዘይት ሲያጥበው ይጠቁራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙሌት ስድስት ወር አትጠብቀው፤ በወሩ ወንፊቷን ደግመህ አውጣና እያት።

ጠያቂው ሲመለስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሠራሁትን ልንገራችሁ። ዘይቱን በግቢያችን አፍስሼ መስመር ባለው ጄሪካን ስለካው ሦስት ሊትር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ሁለት ተኩል ከሚይዝ ሞተር ማለት ነው። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ዘይትነቱ ጠፍቶ እንደ ናፍጣ ይንሸራተት ነበር። ወንፊቷ ላይ ጥቁር ለስላሳ ዝቃጭና ቀደም ሲል ጓርኒሲዮን ለማጣበቅ ከተቀባው ቀይ ማጣበቂያ የተላጡ ቁርጥራጮች ነበሩ። በማግኔት ፈትሼ ብረት አላገኘሁም። የቤንዚን ፓምፑ ሲፈታ ዲያፍራሙ ከጫፉ በኩል የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቆ ተገኘ። ፓምፑንና ቱቦዎቹን ቀየርኩ፤ ካንዴላዎቹም ጥቀርሻ ስለነበራቸው ካርቡሬተሩ ተስተካከለ፤ 15ደብሊው-40 ሁለት ሊትር ተኩል ሞላሁ።

ባትሪዋ 12 ቮልት ናት፤ መሸፈኛ ስላልነበራት አሠራሁላት። ገመዱን የሚፈታውና የሚያስረው ጥበቃው ነው፤ ምክንያቱን ስነግረው ከእኔ በላይ ተጠነቀቀላት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ከመመለስ ይልቅ በሱሉልታ መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ነዳኋት። ከሞላሁ ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው፤ ጠዋት መለኪያ ዘንጉን ሳወጣ ዘይቱ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም፤ ቤንዚንም አይሸትም።