ከአዘዞ መልስ ማንም ብቻውን እንዳይቀር፦ የቅዳሜ ረጅም ሩጫ ድጋፍ ዕቅድ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁም። ከጥምቀት ማግስት የ16 ሳምንቱን የማራቶን ልምምድ እንጀምራለን። የሩጫውን ፕሮግራም አሠልጣኛችን ጋሼ ጨርሰውታል። ያልጨረስነው ሌላውን ነው። ውሃ ማን ይይዛል? ከኋላ ማን ይሆናል? ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ አንድ ሐሳብ እስከ ዓርብ አብረን እናውጣ።

ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ልንገራችሁ። አምና 28 ኪሎ ሜትር በሮጥንበት ቀን ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ ስንመለስ፣ 4 ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ባቴን ያዘኝ። የፊቶቹ ርቀው ሄደዋል። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ባቴን ሳሽ፣ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አዩኝ። ከጀሪካናቸው በጣሳ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ላቤ ደርቆ ስንቀጠቀጥ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ነበርኩ። ከእኛ ሰው ማንም አልመጣም። ክፉ ሆናችሁ አይደለም፤ መቅረቴን ያወቀ ስላልነበረ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ እያንዳንዱ አባል ከአራት ቅዳሜ አንዱን አይሩጥ፤ የሚሮጡትን ያግዝ።

ከማራኪ

እህቴ፣ ያንን ቀን እኔ ከፊት ነበርኩ። ፒያሳ ደርሼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

በመረዳዳቱ ከልቤ እስማማለሁ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ረጅሙን ሩጫ ከአራቱ አንዱን ከዘለልኩ እግሬ ይጎድልበታል። አገልግሎቱ ልምምዱን እንዳይበላው መላ እንፈልግለት።

አሠልጣኝ

ልጆች፣ መላው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። በየአራተኛው ሳምንት ረጅሙን ሩጫ እንቀንሳለን፤ ሰውነት የሚያርፍበት ሳምንት ነው። እስካሁን ሁላችንም በአንድ ሳምንት ነበር የምናርፈው። አሁን አራት ቡድን እንሁንና የማረፊያ ሳምንታችንን እናፈራርቀው። ተራው የደረሰው ቡድን ቅዳሜ ያገለግላል፤ አጭሯን ሶምሶማ እሑድ ከሰዓት ይሠራል። ማንም ምንም አይጎድልበትም።

ስለ ኋላ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በትልልቆቹ የከተማ ማራቶኖች አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይወጣል። ለእኛ የሚያስፈልገን ግን የኋላ አሯሯጭ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ አዘዞ ከዚያ ዝቅ ይላል። ስንሄድ ቁልቁለት ስለሆነ ሁሉም ጀግና ነው። ስንመለስ እግር ካለቀ በኋላ ነው ዳገቱ የሚመጣው። ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ ቦታ መልቀቅን እንደ ውርደት አትዩት። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በፓሪስ ኦሊምፒክ ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለነበረበት ቦታውን ለቀቀ። ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ገባ። 2:06:26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣልን። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ። ስለ ታምራት ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት።

ነርሷ

ጋሼ፣ በቡድኖቹ ተስማምቻለሁ። እኔ ስለ ውሃው ልናገር።

ባዶ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ጥሩ አይደለም። በላብ ጨውም ይወጣል። ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ራስ ያምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲብስ ራስን ያስታል። ስለዚህ አንዱ ጀሪካን ውሃ፣ ሌላው ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ይሁን። ፓኬቱ ካጠረን ቤት ውስጥ ይሠራል፦ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አፉ ድረስ ብቻ እንጂ ተቆልሎ አይደለም። ጨው ከበዛ ጉዳት አለው።

ባት ሲይዝ ሰውየውን አስቀምጡት፤ ጉልበቱን ዘርግታችሁ የእግሩን ጣቶች ቀስ ብላችሁ ወደ ራሱ ሳቡለት። የደረት ሕመም ያለው፣ የሚዘባርቅ ወይም የሚንገዳገድ ሰው ካያችሁ ግን ወዲያው ባጃጅ ላይ ይውጣና ወደ ሆስፒታል። «ደህና ነኝ፣ ልጨርስ» ቢል አትስሙት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ።

አንድ ልመና አለኝ። ከሩጫ በፊት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትውጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዉት። ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊት ይጎዳል። ሕመም ካለ ንገሩኝ፤ አልቆጣም።

ባለ ባጃጁ

ሲስተር ባጃጅ ካልሽ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ሥራዬን እተዋለሁ፤ የነዳጁን ብቻ ቻሉኝ። መታጠፊያው ላይ እጠብቅና የመጨረሻውን ሰው ተከትዬ እመለሳለሁ። ብርድ ልብስም እይዛለሁ።

ከሳሙና በር

እኛ ሴቶቹ ስለ ሰዓቱ እንናገር። አምና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር የምንገናኘው። ሩጫው አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ከቤት እስከ ፒያሳ ያለው ጨለማ ነው። ውሻውም፣ ሰውም። ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ።

አሠልጣኝ

ልጄ፣ ይኼን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐዩ ስለሚከር በጣም ማርፈድም አንችልም። መገናኛው 12 ሰዓት ይሁን። አገልጋዮቹ ደግሞ ብቻቸውን የሚመጡትን ከየቤታቸው በር ተቀብለው ያምጡ።

ከአዲስ ዓለም

ዘንድሮ ረመዷንና ሁዳዴ ይገጣጠማሉ። እኔ በጾም ሰዓት ውሃ አልጠጣም፤ ስለዚህ በዚያ ወር ረጅሙን አልሮጥም። ከማፍጠሪያው በፊት አጭር እሮጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ውሃ ማደሉን ለእኔ ተዉት። ከዒድ በኋላ እናንተ ትክሱኛላችሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልን። ብዙዎች «ሁዳዴ ላይ ለምን ቅዳሜ ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እሑድ ቅዳሴ አለ፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ እህል ውሃ የምንቀምሰው ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ከቀዳም ስዑር በስተቀር ጠዋት በሶ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። በቀዳም ስዑር ልምምድ አይኖርም።

ትናንት ቆሎ የሚሸጡትን እናት ሄጄ አነጋገርኳቸው። አልረሱኝም። ጀሪካናችን እሳቸው ጋ ዓርብ ማታ እንዲያድር ፈቀዱ። የጥበቃ ትንሽ ነገር እንክፈልዎ ብላቸው ተቆጡኝ። ሩጫው ሲያልቅ ቆሏቸውን እንግዛ፤ በዚያ አይቆጡም።

እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበውን እንዲህ ጽፌዋለሁ። የጎደለ ካለ አሁኑኑ ተናገሩ።

«የማራቶን ተለማማጆች በአራት ቡድን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ቡድን በማረፊያ ሳምንቱ ቅዳሜ ያገለግላል። በ5ኛውና በ10ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ውሃና ኦ አር ኤስ ይቀመጣል፤ ስንሄድም ስንመለስም ይቀርባል። ውሃችን በፈረቃ ስለሚመጣ ተረኛው ቡድን እስከ ሐሙስ ይቀዳል፣ ያፈላል። አንድ የኋላ ሰው ይመደባል፤ የመጨረሻው ሯጭ ፒያሳ ሳይደርስ እሱም ከመንገዱ አይወጣም። ስንነሳና ስንመለስ ስም ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው ካለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የባጃጁ ነዳጅ ከወር መዋጮ ይሸፈናል።»

ነርሷ

የደረት ሕመሙንና የሆስፒታሉን ጨምሪበት። ሕግ ሆኖ ይጻፍ፤ በቦታው ላይ ክርክር እንዳይነሳ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጨመርኩት።

ከማራኪ

የእኔን ቡድን የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አድርጊው። የኋላ ሰውም እኔ ልሁን። ሲስተር፣ ኦ አር ኤሱን ዓርብ ማታ መጥቼ ልውሰድ?

ነርሷ

ከ12 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ጀሪካኑን አጥበህ አምጣው።