የስልክ ጆይስቲክ አፕ ዴስክቶፕ ላይ ይከፈታል፣ መኪናዋን ግን አያገኛትም

ጥያቄ፦ መምህር ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። የክበቡ ልጆች አርዱዊኖ ኡኖ (ኮድ ተጭኖበት መኪናዋን የሚያዝዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ ኤል298ኤን የሞተር ድራይቨርና ኤችሲ-05 የብሉቱዝ ሞጁል ገጣጥመው አንዲት ትንሽ መኪና ሠርተዋል። የሚነዷት በስልክ ነው። አፑ ላይ ያለውን ክብ ጆይስቲክ በጣት ሲገፉት በብሉቱዝ አንድ አንድ ፊደል ይልካል፤ ‹ኤፍ› ወደ ፊት፣ ‹ቢ› ወደ ኋላ፣ ‹ኤል› ወደ ግራ፣ ‹አር› ወደ ቀኝ፣ ‹ኤስ› ቁም።

የክበቡ ስልክ ወድቆ የታችኛው ግማሽ ታቹ ሞተ። ምስሉ ደህና ይታያል፣ ጣት ግን አይቀበልም፤ ጆይስቲኩም ያለው እዚያው በሞተው በኩል ነው። ወላጆች የሚመጡበት የኤግዚቢሽን ቀን ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ዴስክቶፕ ላይ (ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም) ኢሙሌተር (የስልክ አፕ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጭኜ አፑን ከፈትኩት። ይከፈታል፣ ጆይስቲኩም በማውዝ ይሄዳል። መሣሪያ እንዲፈልግ ስጫነው ግን ብሉቱዝ የለም ይለኛል። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እያመሹ የሠሩት ሥራ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ቆማ እንድትታይ ብቻ አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ልጅ ከለገሃር

አቦ ቲቸር፣ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብተው ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን ይዩ። እሱ ከጠፋ ኢሙሌተሩ ይንቀራፈፋል። በ4 ጊጋ ራም ሲሆን ደግሞ ብራውዘሩን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ዘግተው ለኢሙሌተሩ 2 ጊጋ ይስጡት። ጆይስቲኩንም ከኪቦርድ ቁልፎች ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ኢሙሌተሮች የቁልፍ ማዛመጃ አላቸው፣ ለጌም ሁልጊዜ የምንጠቀምበት ነው። እሱ ካልሆነ የማይክሮሶፍት የራሱ የአንድሮይድ ማስኬጃም አለ፣ እሱን ይሞክሩ።

መልስ፦ ጥገና ከጀጎል

የለገሃሩ ወንድሜ ያልከው ለጌም ልክ ነው። የመምህሩ ችግር ግን ሌላ ነው። አፑ ተከፍቷል፣ ጆይስቲኩም ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ፍጥነት ብንጨምርለት የሚለወጥ ነገር የለም። የማይክሮሶፍቱም ድጋፉ መጋቢት 2025 በፈረንጅ አቆጣጠር ተቋርጧል፣ በዚያ ላይ የተሠራው ለዊንዶውስ 11 ነበር።

መምህር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሙሌተር ኮምፒውተርህ ውስጥ ሌላ ስልክ እንዳለ ያስመስላል። ስክሪኑን፣ ኢንተርኔቱንና ድምፁን ከኮምፒውተሩ ይዋሳል፤ ብሉቱዙን ግን በተለምዶ አይዋስም። ዴስክቶፑ ላይ ብሉቱዝ ብትሰካበት እንኳ ዊንዶውስ ያየዋል እንጂ ኢሙሌተሩ ውስጥ ያለው አፕ አያየውም። ስለዚህ ሌላ ኢሙሌተር በማውረድ አትድከም።

የሚያዋጣህ ስልኩን አለመጣል ነው። የስልኩ ብሉቱዝ እኮ ደህና ነው፤ የሞተው ታቹ ብቻ ነው። ‹ስክሪፒ› (scrcpy) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የስልኩን ስክሪን በዩኤስቢ ገመድ ዴስክቶፑ ላይ ያሳይሃል፣ ማውዙም እንደ ጣት ይሠራል። አፑ የሚሄደው ስልኩ ላይ ነው፤ ኤችሲ-05ን የሚያገኘውም ስልኩ ነው። አንድሮይድ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል፣ ስልኩ ላይ የምትጭነው ነገርም የለም። ሠሪዎቹ መዘግየቱን ከ35 እስከ 70 ሚሊሰከንድ ያደርሱታል፤ ለመኪና መንዳት ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከከበደው የምስሉን መጠን ወደ 1024 አውርደው።

አሠራሩ፦ ሴቲንግ ገብተህ ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ ‹ቢልድ ነምበር›ን 7 ጊዜ ንካ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል፤ እዚያ ‹ዩኤስቢ ዲበጊንግ›ን አብራ። ገመዱን ስትሰካ ስልኩ ‹ይህን ኮምፒውተር ልፍቀድለት?› ብሎ ይጠይቅሃል። ያንተ ጣጣ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቁልፉ የሚመጣው ታች በሞተው በኩል ሊሆን ይችላል። ከላይ ከሚወርደው ሜኑ ‹አውቶ ሮቴት›ን አብራና ስልኩን አግድም አዙረው፤ የሞተው በኩል ወደ ጎን ይሄዳል። ቁልፉ በዚያ በኩል ከዋለ በሌላው ጎን ገልብጠው። ‹ሁልጊዜ ፍቀድ› የሚለው ላይ ምልክት ካደረግህ ደግሞ አይጠይቅህም። ዴቨሎፐር ኦፕሽንሱን ለማብራት ከተቸገርክ ደግሞ የኦቲጂ ገመድ ፈልገህ ተራ ማውዝ ስልኩ ላይ ሰካ። እኔ ጋ ታቹ ሞቶ የመጣ ስልክ ላይ ያለን ፎቶ የማወጣው በዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

አደራ የምለው፣ ፕሮግራሙን ጊትሃብ ላይ ካለው ከራሱ ገጽ አውርድ። ‹ለኮምፒውተር የሚሆን የጆይስቲክ አፕ› እያሉ ፋይል የሚያስጭኑ ድረ ገጾች ሞልተዋል፤ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ አንዴ ከገባ በተማሪ ፍላሽ ሁሉ ይዛመታል። ሥራህን ስትጨርስ ዩኤስቢ ዲበጊንጉን መልሰህ አጥፋው።

መልስ፦ የከዚራዋ

የጀጎሉ ወንድማችን መንገድ ለኤግዚቢሽኑ ያደርሰሃል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩት የምመኘው ሌላ መንገድ አለ፤ አፑን ጭራሽ መተው። አፑ የሚያደርገው ፊደል መላክ ብቻ ነው ብለሃል። ፊደል መላክ ደግሞ ኪቦርድም ይችላል።

የሚያስፈልግህ የዩኤስቢ ብሉቱዝ ዶንግል ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ታገኘዋለህ፣ ሳትከፍል ግን የሻጩ ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ እየው። ዊንዶውስ 10 ያለ ሲዲ ራሱ ካወቀው ውሰደው። ቀጥሎ ከዴስክቶፑ ብሉቱዝ ሴቲንግ ኤችሲ-05ን ጨምር፤ የሚስጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ነው፣ እምቢ ካለ 0000። በዚያው ገጽ ‹ሞር ብሉቱዝ ኦፕሽንስ› ውስጥ ‹ኮም ፖርትስ› የሚል አለ። ሁለት ፖርት ካሳየህ የምትፈልገው ‹አውትጎይንግ› የተባለውን ነው፤ ቁጥሩን ያዝ። ‹ፑቲ› (PuTTY) የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈት፣ ‹ሲሪያል› ምረጥ፣ የፖርቱን ቁጥርና ፍጥነቱን 9600 ጻፍ። መስኮቱ ሲከፈት ሞጁሉ ላይ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይል የነበረው ቀይ መብራት ረጋ ይላል፤ ተገናኝቷል ማለት ነው። ካፕስ ሎክ አብራና ‹ኤፍ›ን ጫን። ኮዱ ትልቁን ፊደል እየጠበቀ ትንሹን ከላክህለት ዝም ነው የሚልህ። ኤችሲ-05 በአንድ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ስለሚገናኝ የስልኩን አፕ መዝጋት እንዳትረሳ።

አሁን በጣም የምጨነቅበትን ልንገርህ። ጆይስቲክ ጣት ሲነሳ ‹ኤስ› ይልካል፣ መኪናዋም ትቆማለች። ፑቲ ግን ጣትህን ከቁልፉ ማንሳትህን አይልክም። ‹ኤፍ› ደርሷት እየሄደች ሳለ መብራት ቢጠፋ ዴስክቶፑ ይሞታል፣ መኪናዋ ግን በባትሪ ነውና ግድግዳ እስክትመታ ትሄዳለች። መሬት ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ይህ አያስፈልግም። ስለዚህ ልጆቹ ኮዱ ውስጥ አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ፊደል በመጣ ቁጥር ሰዓቱን በ‹ሚሊስ› ይመዝግቡ፣ ከዚያ ለ600 ሚሊሰከንድ ሌላ ፊደል ካልመጣ ሞተሮቹን ያቁሙ።

በዚህ ብቻ ኪቦርዱ ጆይስቲክ ይሆናል። ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ ዊንዶውስ ፊደሉን ራሱ እየደጋገመ ይልከዋል፣ ስለዚህ እስከያዝክ ድረስ ትሄዳለች፣ ስትለቅ ትቆማለች። 600 ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ ድግግሞሹ እስኪጀምር ዊንዶውስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ ካሳነስከው መኪናዋ ሄዳ፣ ቆማ፣ እንደገና ትነሳለች። ቶሎ እንድትቆም ከፈለግህ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ‹ሪፒት ዲሌይ›ን ወደ አጭሩ ውሰደው። ያኔ ሩብ ሰከንድ አካባቢ ይሆናል፣ ኮዱንም ወደ 350 ማውረድ ትችላለህ። ይህን ቁጥር ልጆቹ ራሳቸው እየቀያየሩ ይፈልጉት፣ ደስ የሚል ትምህርት ነው።

ሞጁሉ እግር 0 እና 1 ላይ ከሆነ ኮድ ስትጭኑ ንቀሉት፣ ካልሆነ አይጫንም።

መልስ፦ ደንገጎ ላይ

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ዊንዶውስ 11 ላይ ኤችሲ-05 በፍለጋ ካልመጣ ብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ‹ብሉቱዝ ዲቫይስ ዲስከቨሪ› የሚለውን ወደ ‹አድቫንስድ› ቀይሩት። በነባሪው እንደሱ ያሉ የቆዩ መሣሪያዎችን ላያሳይ ይችላል።

መምህር ከሳቢያን

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስክሪፒው ሠርቷል። የፈቃዱን ቁልፍ ያገኘሁት ልክ እንደተባለው ስልኩን አግድም አዙሬ ነው። መኪናዋ በማውዝ ትሄዳለች፣ ልጆቹም በጩኸት ተቀብለዋታል። ዶንግሉንም ከታይዋን ገበያ አስመጥቼ በኪቦርድ ሞክረናል፤ የማቆሚያውን ኮድ የጻፈችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለኤግዚቢሽኑ የምናቀርበው የኪቦርዱን ነው፣ የስልኩ መጠባበቂያ ይሆናል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ‹ኤፍ›ን ይዘው ‹ኤል›ን ሲጨምሩ ወደ ግራ እየታጠፈች ትሄዳለች ብለው ጠብቀው ነበር፣ እሷ ግን ወደ ፊት መሄዷን ትታ ወደ ግራ ብቻ ትዞራለች። ለምን ይሆን?

የከዚራዋ

እሰይ፣ ልጅቷን በርቺ በልልኝ! ሁለት ቁልፍ አብረው ሲያዙ ዊንዶውስ የሚደጋግመው በመጨረሻ የተጫንከውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚደርሳት ‹ኤል› ብቻ ነው። ለሰያፍ የራሱን ፊደል ስጡት። አንዳንድ አፖች ለፊት-ግራ ‹ጂ›ን፣ ለፊት-ቀኝ ‹አይ›ን ይጠቀማሉ፤ እናንተም ያንኑ ያዙ፣ ስልኩ ሲጠገን ኮዱን መቀየር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኮዱ ውስጥ ‹ጂ› ሲመጣ ሁለቱም ጎማ ወደ ፊት ይሂድ፣ የግራው ፍጥነት ግን በግማሽ ይቀነስ። ለዚያ የኤል298ኤን ሁለቱ የ‹ኢኔብል› እግሮች ላይ ያሉትን ጃምፐሮች አውልቃችሁ ፒደብሊውኤም (የሞተሩን ፍጥነት መቀነስና መጨመር የሚያስችለው) ካላቸው የአርዱዊኖ እግሮች ጋር አገናኟቸው፤ 5 እና 6 ይሆናሉ።