የእንሽላሊቴ ጣቶች ላይ ቆዳ ተጣብቆ ቀረ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም! እንሽላሊት ሳሳድግ የመጀመሪያዬ ነው። ያለችኝ ሌፐርድ ጌኮ ናት። ሰሞኑን ቆዳዋን ስትቀይር ከገላዋ ላይ ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ጣቶቿ ላይ ግን ቀረ። ነጭ ቀለበት መስሎ ጥብቅ አድርጎ ይዟታል። ደም አግዶ ጣቷን እንዳያሳጣት በጣም ሰግቻለሁ።

ለብ ባለ ውሃ ልዘፍዝፋት ብዬ እጄን ስሰድ ጅራቷን እያወዛወዘች ትሸሻለች። ስትደነግጥ ጅራቷን ጥላ ልታመልጥ ስለምትችል በግድ መያዝ አልፈልግም። የመስታወት ሳጥኗ ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 25 ነው። እርጥብ ሶፍት ያለበት መደበቂያም ሠርቼላታለሁ፤ እሷ ግን ዝር አትልም። ምግብ ላይ ደህና ናት፤ ፌንጣውን በካልሲየም ዱቄት ለውሼ ስሰጣት ትበላለች።

እጄን እንድትለምድ ከምን ልጀምር? ቆዳውስ ሳላሳምማት በምን ይለቃል? ወይስ ዛሬ ነገ ሳልል የእንስሳት ሐኪም ጋ ልውሰዳት? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።