ከአድቫንቴጅ ወጥቶ ሜዲጋፕ መግዛት የሁሉም ጡረተኛ መብት ይሁን? (ክርክር)

ሰብሳቢው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት የተጀመረው ወሬ ስላላለቀ ዛሬ በወጉ እንከራከር። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ አባላችን 65 ሲሞላው አድቫንቴጅ ገባ፤ ይህ ሜዲኬርን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለጡረተኞች የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ በግል ኩባንያ በኩል የሚያገኙበት ፕላን ነው። የፕላኑ ወርሃዊ ክፍያ ዜሮ ነበር። ጤነኛ ነበር፣ ተመቸው። ዓመታት አለፉና ልቡን ታመመ። መንግሥት ራሱ በቀጥታ ወደሚከፍልበት ኦሪጅናሉ ሜዲኬር ለመመለስ ማንም አልከለከለውም። ኦሪጅናሉ የማይከፍለውን 20 በመቶ የሚሸፍነውን ሜዲጋፕ ልግዛ ሲል ግን ኩባንያዎቹ የጤና ታሪኩን አይተው "አንሸጥልህም" አሉት።

ኒውዮርክ፣ ኮነቲከት፣ ማሳቹሴትስ ወይም ሜይን ቢኖር ኖሮ እንዲህ ሊሉት አይችሉም ነበር። በአብዛኛው ስቴት ግን ስለ ጤና ሳይጠየቁ ሜዲጋፕ የሚገዙት በዋናነት 65 ሞልቶ ፓርት ቢ (የሜዲኬር የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ከጀመረ በኋላ ባሉት 6 ወራት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ፦ የአራቱ ስቴት ሕግ ለሁሉም ይሁን? ወይስ ሰው 65 ላይ የመረጠውን ይቻለው? ስድብ የለም። ኩባንያ በስም አይጠራም።

ሲስተር፦
ይሁን! ምን ያከራክራል?

ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስትሮክ የመታው ሰው አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ "ነገ ወደ ሪሃብ (ማገገሚያ) ሆስፒታል ይሂድ" ብሎ ጽፏል። ሪሃቡ አልጋ አለኝ ብሏል። ፕላኑ ግን ቅድመ ፈቃድ አልሰጠም። ዓርብ ከሰዓት ፋክስ ይላካል፤ ቅዳሜና እሑድ መልስ የለም። ሰኞ "ለነርሲንግ ሆም እንጂ ለሪሃብ ሆስፒታል አይበቃም" ይባላል። ሐኪሙ ስልክ ይዞ ከኩባንያው ሐኪም ጋር ይሟገታል። በሽተኛው ግን በነዚያ ቀናት እግሩን ማንቀሳቀስ መጀመር ነበረበት።

የኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ አድቫንቴጅ ፕላኖች ከከለከሏቸውና መሥሪያ ቤቱ ከመረመራቸው የቅድመ ፈቃድ ጥያቄዎች 13 በመቶው የሜዲኬርን ደንብ የሚያሟሉ ነበሩ። ኦሪጅናሉ ቢሆን ይከፈልላቸው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መውጫ በር ይገባዋል።

ጋሽ ሾፌሩ፦
ሲስተርዬ፣ ልክ ነሽ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው የምታዪው። እኔ ታክሲ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከሶሻል ሴኩሪቲዬ ላይ ገና ባንክ ሳይገባ ፓርት ቢ በወር 202.90 ዶላር ይቆርጣል፣ የ2026ቱን ነው የምልሽ። እዚያ ላይ ሜዲጋፕ ከመቶ ዶላር በላይ፣ ለመድኃኒት ደግሞ ፓርት ዲ ለብቻው። ጥርስ የለም፣ መነጽር የለም፣ ጆሮ የለም። የኔ አድቫንቴጅ ጥርሴን ነቅሎልኛል፣ መነጽሬን ቀይሮልኛል።

ደግሞ አንድ ነገር ሁሌ ትረሱታላችሁ። ኦሪጅናሉ ብቻውን ከኪስህ ለሚወጣው ጣሪያ የለውም። 20 በመቶው የሚሊዮን ዶላር 20 በመቶ ሊሆን ይችላል። አድቫንቴጅ ግን በሕግ ጣሪያ አለው፤ በ2026 በኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር በተዋዋሉ ሐኪሞች፣ ከ9,250 ዶላር በላይ ከኪስህ ሊያስወጣህ አይችልም፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በታች ነው ያስቀመጡት። ሜዲጋፕ መግዛት ለማይችል ሰው ስለ መውጫ በር ማውራት፣ መኪና ለሌለው ስለ ፓርኪንግ ማውራት ነው።

ሲስተር፦
ጥርስና መነጽሩን አልካድኩም ጋሽዬ። የጥርሱን ሽፋን በዓመት ስንት ድረስ እንደሆነ ግን ወረቀቱን አይተውታል? አንድ ክራውን ሲሠሩ ያልቃል።

ጋሽ ሾፌሩ፦
አላለቀም። ሊያልቅ ነው።

የሒሳብ ሰው፦
እኔ የምቃወመው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አትቆጡኝ።

ኢንሹራንስ ማለት ጤነኛው ሲከፍል የታመመው የሚጠቀምበት ነው። "ስትታመም ትመለሳለህ፣ ማንም አይከለክልህም" ካልነው ጤነኛ ሆኖ ለሜዲጋፕ የሚከፍል ማን ይቀራል? ሁሉም ዜሮ ክፍያ ላይ ይቆይና ካንሰር ሲገኝበት ይመጣል። ያኔ ሜዲጋፕ ውስጥ የሚሰበሰበው የታመመ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ዋጋውም ይወጣል። ኒውዮርክ ሜዲጋፕ ከብዙ ስቴት የሚወደደው በከፊል በዚህ ነው። እዚያ ኩባንያው መከልከል አይችልም፣ በዕድሜም ዋጋ መለየት አይችልም። ስለዚህ ገና በ65 ዓመቷ አስባ የገዛችው ሲስተር ሳትሆን አትቀርም ዋጋውን የምትከፍለው። ይህ ፍትሕ ነው?

ሲስተር፦
የ65 ዓመት ሰውን የ80 ዓመት ጤናህን ተንብይ ማለትስ ፍትሕ ነው? እኔ በሙያዬ ስለማውቅ ገዛሁ። ዕቃ ጫኝ፣ ሞግዚት፣ ሾፌር የሆነ ሰው ማን ነገረው? በፖስታ የሚመጣለትን የታዋቂ ሰው ማስታወቂያ ነው ያየው።

ትንሽ የምጨምር ከሆነ እከፍላለሁ። ብዙ ከሆነ ግን... እሱን አላውቅም፣ አልዋሽም።

የሒሳብ ሰው፦
እኔ የምለው በሩን ከመክፈት ይልቅ ክፍሉን ራሱን፣ ማለትም የአድቫንቴጁን ክፍያ፣ አስተካክሉ ነው። ሜድፓክ የሚባለው የኮንግረስ አማካሪ ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ግምት፣ መንግሥት ለአድቫንቴጅ አባላት የሚያወጣው እነዚያው ሰዎች ኦሪጅናሉ ውስጥ ቢሆኑ ከሚያወጣው በ20 በመቶ ይበልጣል። ወደ 84 ቢሊዮን ዶላር ነው በዓመት። ኩባንያዎቹ ስሌቱን አይቀበሉትም፣ ይህን መጥቀስ አለብኝ። ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከታክስ፣ እና ከሁላችሁ የፓርት ቢ ክፍያ። ጋሽዬ፣ መነጽርዎን ሲስተርም ጭምር ናት የገዛችልዎት።

ጋሽ ሾፌሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተርዬ። ጥሩ መነጽር ነው።

ወኪሉ፦
ሰላም። ላይሰንስ ያለኝ የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ። አስቀድሜ ልናገር፣ አድቫንቴጅ ስሸጥ ኮሚሽን አገኛለሁ። በ2025 ለአዲስ አባል በአብዛኛው ስቴት የተፈቀደው ከፍተኛው 626 ዶላር ነበር። ሜዲጋፕ ስሸጥም አገኛለሁ። አሁን ስሙኝ።

በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም፣ ሰው አያውቀውም እንጂ። 65 ሲሞላህ መጀመሪያውኑ አድቫንቴጅ ከገባህ፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ሃሳብህን ቀይረህ ያለ ጤና ጥያቄ ሜዲጋፕ መግዛት ትችላለህ። ፕላኑ ከአካባቢህ ከወጣም መብት አለህ። አንተ ከፕላኑ አካባቢ ወጥተህ ቤት ከቀየርክም እንደዚሁ። ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ግን ወዲያው መንቀሳቀስ ይጠይቃል።

ጋሽ ሾፌሩ፦
ስለዚህ ልቤን ሲያመኝ ቤት ልቀይር?

ወኪሉ፦
እንደ ቀልድ ቢመስልም ሕጉ እንደዚያ ነው። ሌላ ስቴት ያለ ልጅ ቤት ሄዶ መኖር አንዳንዴ በር ይከፍታል።

ዋናውን ክርክር በተመለከተ ግን እኔ መሃል ነኝ። ሙሉ ክፍት በር ዋጋ ያስወድዳል፣ የሒሳቡ ሰው ልክ ነው። 12 ወር ደግሞ አያንስም ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ማን ይታመማል? ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ቢሆን እቀበላለሁ።

እትዬ ተመላላሽ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ በሽታ ብቻ ነው። ጡረታ እኮ የወጣነው ልንኖር ነው።

እኔ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄጄ ከርሜ እመለሳለሁ። ሜዲኬር ደግሞ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጪ አይከፍልም። እዚህ ቤት ስንቱ ይህን ሳያውቅ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው! የኔ ሜዲጋፕ ጂ ፕላን ነው። ውጭ አገር ድንገተኛ ነገር ቢገጥመኝ ጉዞው ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ከሆነ፣ 250 ዶላር ራሴ ከከፈልኩ በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላል። ጣሪያው በዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው። ከሁለት ወር በላይ ለምቆይበት ለብቻው የጉዞ ኢንሹራንስ እገዛለሁ።

አድቫንቴጅም ብዙዎቹ የውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና ይሸፍናሉ፣ ልክ ነው። ግን ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቅህ አብዛኛውን ጊዜ ያስወጡሃል። እንደኔ ዓይነት ሰው የመውጫ በር ሕጉን ብቻ ሳይሆን የካላንደሩን ሕግም ይይ።

ሲስተር፦
እትዬ፣ ጠቅልለው የሚገቡትስ?

እትዬ ተመላላሽ፦
እሱ ነው ጉዱ። ጓደኛዬ "አገሬ ልገባ ነው፣ ለማላየው ሐኪም ለምን እከፍላለሁ" ብላ ፓርት ቢን አቋረጠች። ሶሻል ሴኩሪቲው ዜግነት ስላላት እዚያም ይደርሳታል። ፓርት ቢ ግን ሳይኖርህ ላለፈው ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርብሃል፣ አብሮህ የሚኖር ቅጣት። አምስት ዓመት ቆይተህ ብትመለስ በግማሽ ጨምረህ ነው የምትከፍለው። እሷ ይህን አውቃ ነው የወሰነችው፣ ሂሳቡም ለእሷ አዋጣ። ሳያውቁ ለሚያቋርጡት ነው የማዝነው።

ልጅ ነኝ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የእናቴን ወረቀት የማገላብጠው እኔ ነኝ። እናቴ በግሪን ካርድ መጥታ እዚህ አልሠራችም፤ ሠርቶ ታክስ በመክፈል የሚጠራቀመው የ40 ክሬዲት ነገር የላትም። አምስት ዓመት ሞልቷት ሜዲኬር ስትገባ ገቢዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ሜዲኬይድም አገኘች፣ የፓርት ቢ ክፍያዋን ስቴቱ ይከፍልላታል። ሜዲጋፕ የሚባል ነገር እሷን አይመለከትም። የሷ ችግር ሌላ ነው። በየዓመቱ ሜዲኬይዱን ለማደስ የሚመጣው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ አንድ ወር ካለፈ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። "ሁሉም ጡረተኛ" ስትሉ እነሱንም አስቧቸው።

ሰብሳቢው፦
ልክ ነሽ። ያንን ለብቻው እንከፍታለን፤ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው።

ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። የሒሳብ ሰው፣ ሲስተር ያለችውን አልመለስክም። ሰው 65 ላይ የመረጠውን በምን መረጃ መረጠ?

የሒሳብ ሰው፦
መረጃው አለ፣ የሚፈልገው ሰው የለም። ሺፕ የሚባል በየስቴቱ ነፃ የሜዲኬር ማማከሪያ አለ። ኮሚሽን የላቸውም፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ስንቶቻችሁ ደውላችኋል?

ሲስተር፦
እሺ፣ ይደውሉ። ግን ሕጉን በማያውቀው ሰው ድንቁርና ላይ አትገንባው። ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ አሁን አድቫንቴጅ ውስጥ ናቸው። ይህን ሁሉ ሕዝብ "መደወል ነበረባችሁ" ብለህ ታልፈዋለህ?

አንተ የምትለው ሌላም ነገር አለ። መንግሥት 20 በመቶ አብዝቶ የሚከፍላቸው ኩባንያዎች ጤነኛውን ጊዜ ይዘው፣ የታመመው ሲወጣ ደግሞ ወጪው ኦሪጅናሉ ላይና ሜዲጋፕ ላይ ይወድቃል። ይህን ከፈራህ በሩን ከመዝጋት ከዚያ ትርፍ ክፍያ ላይ ተቆርጦ ሜዲጋፕ ይደጎም በል።

የሒሳብ ሰው፦
እሱን እፈርምልሻለሁ። ድጎማ ካለው በሩ ይከፈት። ያለ ድጎማ አልፈርምም።

ወኪሉ፦
ኮንግረስ ውስጥ ሁለታችሁን ቢያስገቡ ጥሩ ነበር።

ጋሽ ሾፌሩ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤቴ መጋቢት ላይ 65 ትሞላለች። ስኳር አለባት። አንድ ላይ መሆን አለብን እንዴ?

ወኪሉ፦
የለብዎትም። ሜዲኬር የቤተሰብ የለውም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው። ልደቷ ካለበት ወር ሦስት ወር ቀድማ መመዝገብ ትችላለች። ፓርት ቢዋ ከጀመረ በኋላ ባሉት 6 ወራት ሜዲጋፕ ስትገዛ ስኳሩን ምክንያት አድርጎ የሚከለክላት የለም፣ ዋጋም አይጨምርባትም።

ሲስተር፦
ጋሽዬ፣ ያቺን 6 ወር እንዳያሳልፏት! መድኃኒቷን በፓርት ዲ ያስገቡላት። በ2026 ለተሸፈነ መድኃኒት ከ2,100 ዶላር በላይ ከኪሷ አይወጣም፣ ኢንሱሊኑም በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም።

ጋሽ ሾፌሩ፦
እንግዲህ እሷ ሜዲጋፕ፣ እኔ አድቫንቴጅ። ሺፕ ደውዬ ዋጋውን ጠይቄ እነግራችኋለሁ። ለእኔ ግን አሁንም መነጽሬ ይሻለኛል፣ ሲስተር ብትቆጣም።

ሲስተር፦
አልቆጣም፣ ከፍዬበታለሁ። ጥርሱ ሲያልቅ ግን እዚህ ይጻፉ።