ቤት ለቤት ለምንሠራ የሕፃናት ነርሶች የልዩ ሥልጠና ጥያቄ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለዞኑ ጤና መምሪያና ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበው ጥያቄ ረቂቅ ይኸው። ፍሬ ነገሩ፣ 20 ነርሶች ደብረ ብርሃን ገብተን ለ10 ቀን እንሠልጥን ነው። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ነርስ፣ መንዝ፦ ሲስተር፣ ድካምሽን ማቃለሌ አይደለም፤ ግን ይህ የአበል መጠየቂያ ይመስላል። አዳራሽ ተቀምጠን ምን ልንሰማ ነው? ከ2 ወር እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ይህን በእንቅልፍ ልባችንም እናውቀዋለን። የሚያቅተን መቁጠሩ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቤት ገባሁ፤ የ9 ወር ሕፃን በበርኖስ ተጠቅልሏል። ልግለጠው ስል አያቱ «ብርድ ይመታዋል» ብለው እጄን ያዙኝ። አፍሬ በልብሱ ላይ ቆጠርኩ፦ 38። ደስ አላለኝም። እሳቱ ዳር አስጠግተነው፣ ጠብቶ ጸጥ ሲል ደረቱን ገልጬ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፦ 54። በመጀመሪያው ቁጥር ብሄድ ኖሮ መድኃኒት አይጀምርም ነበር። እኔ የምፈልገው አጠገቤ ቆሞ «እንደገና ቁጠሪ» የሚለኝን ሰው ነው።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ከመንዟ እህቴ ጋር ነኝ፤ የኛ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ ስትወርድ እኛ ጋ 1,300 ገደማ ትደርሳለህ። ትኩሳት ያለው ልጅ መጣ፣ ጣቱን ወጋን፣ ወባ ተገኘ፤ በዚያው ሳንባው ይረሳል። ሁለቱ አብረው ሊመጡ እንደሚችሉ ደጋ ላይ በወረቀት እንጂ በልጅ ማሳየት አይቻልም። ከሥልጠናው ቀናት ግማሹ ቆላ ይሁን።

ነርስ፣ አንኮበር፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያውም ይጨመር። ከፍታ ላይ ጤነኛው ልጅ ራሱ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክስጅን ስጡ የሚለው ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩት ግን 87ና ከዚያ በታች። ይህን ያልነገሩት ነርስ ወይ ሁሉንም ሪፈር ይጽፋል፣ ወይ መሣሪያውን ተጠራጥሮ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ (ጡረታ የወጣሁ)፦ ልጆቼ፣ ሳንባ ምችና ወባ ብቻ ከሆነማ ልዩ ሥልጠና ማለት ምኑ ላይ ነው? ከሆስፒታል የሚወጡትን አትርሱ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ልጅ ፔኒሲሊኗን በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለባት፤ አንዴ የቀረች እንደሆነ ቤቷ የሚሄደው ማን ነው? አስም ላለበትም ልጅ ስፔሰር (በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ወደ ሳንባው እንዲያደርስ የሚገጠም ቱቦ) እስኪገዛ አይጠበቅም። የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ቂጡን በጋለ ሽቦ በስተው የመድኃኒቱን አፍ ይግጠሙበት፤ ቀዳዳው አጥብቆ ይያዝ፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸግ። ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። እኔ መጥቼ አሳያለሁ፤ አበልም አልጠይቅ።

ነርስ፣ ዓለም ከተማ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ከመጡ እኛም እንመጣለን። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሥልጠናው ለሙያ ፈቃድ ማደሻ ነጥብ እንዲያዝልን በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እኔ ስሄድ ክፍሉን የሚሸፍነው ማን ነው? ተተኪ ካልተመደበ ኃላፊዬ አይለቀኝም፤ አይፈረድበትምም።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ጊዜውንም እንወስን። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው፤ ንቅንቅ አንልም።

ነርስ፣ መንዝ፦ ክረምትም አይሆንም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ከጥምቀት በኋላ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ «የአበል መጠየቂያ» ያልሽውን ውጫለሁ። እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «3 ቀን በሕፃናት ክፍል፣ 2 ቀን በቆላ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ለ6 ወር በወር አንድ ጊዜ ልምድ ያለው ነርስ ሠልጣኙ ከሚሠራበት ቀበሌ ድረስ ሄዶ አብሮ ቤት ለቤት ይዞራል። የሠልጣኙ ቦታ በተተኪ ይሸፈናል፤ ሥልጠናው ለፈቃድ ማደሻ ይያዛል። መጀመሪያው ከጥምቀት በኋላ።» ሠልጣኞቹን ወደ 12 ዝቅ አድርጌያለሁ፤ ለ20 ሰው በየወሩ የሚዞር አናገኝም። የትራንስፖርቱን ግምት ዓለም ከተማ ይሥራልኝ፤ የጀማ ወንዝን ቁልቁለት የሚያውቀው እሱ ነው። ጋሼ፣ ጠርሙስ እኛ እናመጣለን፤ ሽቦውን እርስዎ ይያዙ።